ቻፐካ

የጌም ማጫወቻ የልጅ ዕቃ ነው የሚል ሰው ካጋጠመኝ ከእንግዲህ ዝም ብዬ አላልፈውም። በተለይ ሰውየው ነጭ ጋዋን ለብሶ፣ እስክሪብቶ ደረት ኪሱ ላይ ሰክቶ፣ የሌላ ሰው አእምሮ አለ ወይስ የለም ብሎ ሊፈርድ የመጣ ከሆነ።

የምናገረው ስለ ባፈና ነው። ጅቡቲ ውስጥ ባፈናን የማያውቅ ሐበሻ ጥቂት ነው። አባቱ በባቡሩ ዘመን መጥተው እዚሁ የቀሩ ናቸው፤ እሱም ባቡር ጣቢያ ዕቃ መዝጋቢ ሆኖ ሠርቶ ጡረታ ወጣ። የታወቀው ግን በዚያ ሥራው አይደለም። ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ፣ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ የሐበሻ ልጆችን ፊደል አስቆጠረ። ዓይኑ ደክሞ ገበታውን ማየት ካቃተው በኋላ እንኳ በዘንግ መሬቱን እየመታ በቃሉ ያስቆጥራቸው ነበር። አንድ ልጅ አንዲት ፊደል ቢዘል ዘንጉ ቀጥ ይላል። «ተመለስ፤ ንጉሡን ዘለልኸው» ይላል። ንጉሡ የሚለው ሠን ነው።

እኔ አምሀ እባላለሁ። የፈረንሳይኛ አስተማሪ ነበርኩ፤ ለአዲስ አበባ ጋዜጦች ስጽፍ ሠላሳ ዓመት ሆኖኛል። ከጻፍኩት ግማሹ አንድ ነገር ነው የሚለው፦ አማርኛ ትርፍ ፊደሎቹን ይጣል። ድምፃቸው አንድ ሆኖ ሳለ ሦስት ሀ፣ ሁለት ሰ፣ ሁለት አ፣ ሁለት ጸ ተሸክመን የምንዞርበት ምክንያት የለም። በጻፍኩ ቁጥር ባፈና መልስ ይልካል፤ ጋዜጣው ሁለታችንንም ጎን ለጎን ያወጣል፤ እኛም ከዚያ በኋላ ሻይ ቤት ተገናኝተን እንደገና እንጣላለን። የመጨረሻው ጊዜ ግን ልኩን አለፈ። በጽሑፎቼ ሥር ስሜን «አምሀ» ብዬ ነው የምፈርመው። ባፈና በብዙኃኑ ኀ፣ «አምኃ» ተብሎ እንደሚጻፍ ያምናል። በመልሱ ላይ «የገዛ ስሙን መጻፍ የማይችል ሰው ስለ ፊደል ሊያስተምረን ተነሣ» ብሎ ጻፈብኝ። ዐሥራ አንድ ወር አልተነጋገርንም። በዐሥራ ሁለተኛው ወር ስትሮክ መታው።

ቀኝ ጎኑ ሞተ። አንደበቱ ተዘጋ። ግራ እጁ ይንቀሳቀሳል፤ ግን ይንቀጠቀጣል፤ እስክሪብቶ ስናስጨብጠው የሚያወጣው ሰረዝ ብቻ ነው። ከሁሉ የከፋው አንገቱ ነው። ያለማቋረጥ ወደ ላይና ወደ ታች ይወዛወዛል፤ ለተጠየቀው ሁሉ እሺ የሚል ይመስላል።

ልጁ መልአኩ ሆዳን የሚባል ሩቅ ሰፈር ነው የሚኖረው። ክፉ ልጅ አይደለም፤ ሦስት ወር ሙሉ ከሥራ ወደ አባቱ ሰፈር፣ ወደ ካርቲየ 6፣ ሲመላለስ የደከመ ሰው ነው። አባቱን አዲስ አበባ ዳርቻ ወዳለ የአረጋውያን መጦሪያ ሊወስደው ፈለገ። ለዚያ ደግሞ ሞግዚት መሆን አለበት፤ ሞግዚት ለመሆን ደግሞ አባቱ በራሱ መወሰን እንደማይችል መረጋገጥ አለበት። ማመልከቻው የቀረበለት ዳኛ አንድ ሐኪም ባፈና ቤት ድረስ እንደሚልክ፣ ቀኑም ሐሙስ እንደሆነ ተነገረን።

«ራሱን ጠይቄዋለሁ፣ ጋሼ አምሀ» አለኝ መልአኩ፣ አልጋው አጠገብ ቆመን። «አባዬ፣ አዲስ አበባ ብንወስድህ አይሻልህም?»

የባፈና አንገት ወደ ታች፣ ወደ ላይ አለ።

«አዩ፣ እሺ አለ።»

እኔ ጎንበስ አልኩ። «ባፈና፣ አህያ ነህ?»

አንገቱ ወደ ታች፣ ወደ ላይ አለ።

«አየህ» አልኩት መልአኩን፣ «ለዚህም እሺ አለ።»

መልአኩ ተቆጣ፤ እኔም ተቆጣሁ። እጄን ጨብጥ ብዬው እንደጨበጠኝ ነገርኩት። ቀደም ብሎ ያየው ሐኪም ያ ሪፍሌክስ ነው፣ ሳያስብ በራሱ የሚሆን ነገር ነው ብሎታል። ሪፍሌክስ የምትለዋን ቃል ያን ሳምንት እንደጠላኋት ሌላ ቃል ጠልቼ አላውቅም። የማያውቁትን ነገር በአንድ ቃል ከድነው የሚሄዱ ሰዎች መክደኛ ናት።

ነገሩን ያየችው ሲምቦ ናት። ሲምቦ ወደ የመን ልትሻገር መጥታ ኦቦክ ወደብ ላይ ጀልባውን አይታ የተመለሰች ልጅ ናት፤ አራት ዓመት ሙሉ ባፈና ቤት ኖራ አሁን የምታስታምመው እሷ ናት። መልአኩ ከሄደ በኋላ ጠራችኝ።

«ጋሼ፣ አውራ ጣቱን ይዩልኝ።»

የግራ አውራ ጣቱ አንሶላው ላይ እየሠራ ነበር። ወደ ታች፣ ወደ ታች፣ ወደ ታች፤ ከዚያ ወደ ጎን፤ ከዚያ ጫን።

«ከፅዮናዊት ጋር ጌም ሲጫወቱ እንዲህ ነው ጣታቸው» አለች።

ፅዮናዊት የመልአኩ ልጅ ናት፤ አምና ለትምህርት ወደ ፈረንሳይ ሄደች። ከቴሌቪዥኑ ሥር ትታት የሄደችው መጫወቻ መዳፍ የማታህል ናት፦ የዛሬ ሠላሳ ዓመት ገደማ የነበረውን ትልቁን ማጫወቻ አሳንሰው የሠሯት፣ ውስጧ ሃያ አንድ የድሮ ጌም ተቆልፎባት ከዚያ ሌላ ምንም የማትቀበል። ባፈና ስክሪኑን ባያይም በድምፁ ብቻ እየዘለለ ልጅቷን ያሸንፋት ነበር። ጣቱ ያቺን መስቀል የመሰለች የጆይስቲክ ቁልፍ ያውቃታል። ለስላሳ የስልክ ስክሪን ላይ ግን አውራ ጣቱ የሚይዘው ነገር አያገኝም።

በማግስቱ ዕቃዋን በፌስታል ይዤ ስልክና ቴሌቪዥን ጠጋኟ ናዒማ ዘንድ ሄድኩ።

የናዒማ ሱቅ እዚያው ካርቲየ 6፣ በልብስ ሰፊና በካርድ ሻጭ መካከል የተጨመቀች ናት። ከሰዓት፣ ወንዱ ሁሉ ጫቱን ይዞ ሲቀመጥ፣ እሷ ትሠራለች። አማርኛዋ ከጎረቤት የተማረችው ነው፤ ይፈሳል፤ ግን «እርስዎ» የሚባል ነገር የለበትም፤ እኔንም በፈረንሳዮቹ ወግ «ሙሴ» ነው የምትለኝ፤ አንድም ፊደል አታነብም።

«ይህቺ ሃያ አንድ ጌም ብቻ ናት የምታውቀው» አለች አገላብጣ እያየቻት። «ምን እንድትሆንልህ ነው የምትፈልገው፣ ሙሴ አምሀ?»

«እንዲናገር።»

«ማሽኑ ነው ሰውየው?»

«ሰውየው።»

«እኔ የምችለው ማሽኑን ነው» አለች፤ ግን ፌስታሉን አልመለሰችልኝም። «ፊደላችሁ ስንት ነው?»

ሁለት መቶ ምናምን ስላት ዓይኗን ጨፈነች። ሃያ ስድስት ብቻ ቢሆን ኖሮ ያለቀ ነገር ነበር አለች። ተናደድኩ፤ ፊደላችን የተዝረከረከ እንዳልሆነ ላሳያት ወረቀት ጎትቼ ገበታውን ጀመርኩላት፦ ወደ ታች ሀ፣ ለ፣ መ፤ ወደ ቀኝ ሀ፣ ሁ፣ ሂ፣ ሃ፣ ሄ፣ ህ፣ ሆ። ወደ ቀኝ ሁልጊዜ ሰባት።

ናዒማ ጆይስቲኩን አንሥታ ወረቀቱ ላይ አስቀመጠችው። አውራ ጣቷን ወደ ታች፣ ከዚያ ወደ ቀኝ አንቀሳቀሰች።

«ይሄማ ለዚህ የተሠራ ነው» አለች። «ወደ ታች ቤተሰቡ፣ ወደ ቀኝ ልጆቹ።»

እኔ ስለ ፊደል ሠላሳ ዓመት ጽፌአለሁ። ይህን አላየሁትም።

አምስት ቀን ከሰዓት በኋላውን ሱቋ ውስጥ ተቀምጬ ሥራዋን አየሁ። የእጅ ሥራ የሚያውቁ ሰዎችን «ቀጥቃጭ» እያሉ የሚንቁ ምሁራን አሉ፤ እኔም ከእነሱ መካከል ነበርኩ፤ እንደዚህ ዓይነት አስተሳሰብ ግን ግማሽ ሰዓት አይቆይም ናዒማ ፊት። መጀመሪያ ማሽኗን በዩኤስቢ ከላፕቶፑ ጋር አገናኘች፤ ሁለት ቁልፍ አንድ ላይ ተጭና በሯን አስከፈተቻት፤ ግን ምንም ከመንካቷ በፊት ውስጧ ያለውን ሁሉ፣ ሃያ አንዱንም ጌም፣ ገልብጣ አስቀመጠች። «መመለሻ መንገድ ሳልይዝ ሰው ቤት አልገባም» አለች። ቀጥሎ ቦታ ጠበበ፤ ማሽኗ የተሠራችው ለሃያ አንድ ጌም ብቻ ነው። በሁለተኛው ጆይስቲክ ቀዳዳ በኩል ፍላሽ ሰካችላትና ፍላሹ ለማሽኗ የራሷ አካል መስሎ እንዲታያት አደረገች። ከዚያ ፊደሉ እንቢ አለ፤ እያንዳንዱ ፊደል ባዶ ሣጥን ሆኖ ብቅ ይላል። ለማሽኗ አማርኛ ከማስተማር ፊደሎቹን ሥዕል ማድረግ ይቀላል አለች። በትልቁ ጻፍልኝ አለችኝ፤ እያንዳንዷን በስልኳ አነሣች፤ ቁጥር ሰጠቻቸው፤ አንዲቷንም ሳታውቅ አንድ መቶ ዘጠና ስድስት ፊደል በየቦታቸው ደረደረች።

የባፈና ጣት ስለሚንቀጠቀጥ አንዴ ሊጫን ሲል ሦስቴ ይጫናል። ቤቱ መጥታ፣ ጣቱን ዐሥር ደቂቃ ያህል አየችው። ተመልሳ ማሽኗን በፍጥነት ተከታትለው የሚመጡ ምቶችን እንደ አንድ እንድትቆጥር አደረገቻት። ዓይኑ ስለማያይ እያንዳንዱ ምት «ቀጭ» የሚል ድምፅ እንዲሰጥ፣ አንድ ፊደል ከተመረጠ በኋላም ሁልጊዜ ከሀ እንዲጀመር አደረገች። እነዚህን ነገሮች ማንም አልነገራትም። ከጣቱ ነው ያነበበቻቸው።

ማክሰኞ ከሰዓት አልጋው ፊት አቆምናት። መልአኩም መጣ። ለባፈና ነገሩን አስረዳሁት፦ ገበታው ነው፤ ከሀ ትጀምራለህ፤ ወደ ታች፣ ወደ ቀኝ፣ ከዚያ ጫን። ስምህን ጻፍ አልኩት።

ጣቱ ወዲያው ጀመረ። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። ምንም አላመነታም። ስክሪኑ ላይ ሦስት ፊደል ወጣ።

ቻፐካ።

«ድገመው» አልኩት። ቻፐካ። ለሦስተኛ ጊዜ ቻፐካ። ከዚያ ማንም ሳይጠይቀው ሌላ ጻፈ፦ ወርኣ። ያንንም ደገመው። ወርኣ።

መልአኩ ፊቱን በሁለት እጁ ያዘ። የመጣው ተስፋ ይዞ እንደነበር ያን ጊዜ ነው የገባኝ። «በቃ፣ ጋሼ» አለ ቀስ ብሎ። «አባዬ የለም። ከእንግዲህ አያድክሙት።»

በዚያ በሚያቃጥል ነፋስ ካርቲየ 6ን አቋርጬ ናዒማ ሱቅ ገባሁና ማሽንሽ ተበላሽቷል ብዬ ጮህኩባት። ልብስ ሰፊው የስፌት መኪናውን አቁሞ ያዳምጥ ነበር።

«ምን ጻፈ?»

«ቻፐካ።»

«ስንት ጊዜ?»

«ሦስት ጊዜ።»

«ሦስቱንም እንዲሁ ነው?»

«እንዲሁ።»

መበየጃዋን አስቀመጠች። «እንግዲያ ማሽኔም አልተበላሸም፣ ሰውየውም አልተበላሸም። የተበላሸ ነገር አንዴ እንዲህ፣ አንዴ እንዲያ ነው የሚሳሳተው። ሦስቴ አንድ ዓይነት የሚሳሳት ሰው የሚያውቀው ነገር አለው።»

ተከትላኝ መጣች። ፍላሹን ነቅላ ላፕቶፑ ላይ ሰካችው። ማሽኗ እያንዳንዱን ምት እንድትመዘግብ አድርጋት ነበር ለካ። በጣቷ እያሳየች ቆጠረች። «ዘጠኝ ወደ ታች፣ ሦስት ወደ ቀኝ። ሁለተኛው፣ ሠላሳ አንድ ወደ ታች።» ቆም አለች። «ሙሴ አምሀ፣ የሰጠኸኝ ስንት መስመር ነው?»

«ሃያ ስምንት።»

«ከሃያ ስምንተኛው በኋላ መውረጃ የለም። ሰውየው ግን ወለሉን እየመታም ይወርዳል። ሦስቱንም ጊዜ ሠላሳ አንድ። እሱ ዘንድ ገበታው ገና አላለቀም።» ቀና ብላ አየችኝ። «እውነቱን ስንት ነው?»

ሲምቦ በሩ ላይ ቆማለች። መልአኩ ወንበሩ ላይ ነው። ባፈና ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል።

«ሠላሳ ሦስት» አልኩ።

«አምስቱ የት ሄዱ?»

«እኔ አወጣኋቸው።»

«ለምን?»

«አያስፈልጉም።»

«ለማን?» አለች ናዒማ።

ሠላሳ ዓመት በጋዜጣ ስከራከር ይህን ጥያቄ የጠየቀኝ አልነበረም፤ ባፈና እንኳ። ሁላችንም ስለ ቋንቋው ነበር የምናወራው። እኔ ገበታውን ስጽፍላት ልማዴ ሆኖ ነው ብዬ ራሴን ላታልል እችል ነበር፤ አይደለም። ሐን፣ ሠን፣ ኀን፣ ዐን፣ ፀን እያወቅሁ ነው የዘለልኳቸው። ዝም ላለ ሰው የእኔን ፊደል ልሰጠው ነበር።

ሙሉውን ገበታ ወረቀት ላይ አውጥቼ በጣቴ ወረድኩ። ዘጠኝ ወደ ታች በ፣ ሦስት ወደ ቀኝ ባ። ሠላሳ አንድ ወደ ታች ፈ። ዐሥራ ሦስት ወደ ታች ነ፣ ሦስት ወደ ቀኝ ና።

«ባፈና» አለ መልአኩ ከኋላዬ። ድምፁ የልጅ ድምፅ ነበር።

«ሁለተኛውስ?» አለች ናዒማ። «ዐሥራ አምስት ወደ ታች። ከዚያ ሦስት ወደ ታች፣ አምስት ወደ ቀኝ። ከዚያ ዐሥራ ሁለት ወደ ታች፣ ሦስት ወደ ቀኝ።»

ቆጠርኩ። አ። ም። ሦስተኛው ላይ ጣቴ ብዙኃኑ ላይ ቆመ። ኃ።

«ምንድን ነው?»

«ስም ነው።»

«የማን?»

«የኔ። በእሱ አጻጻፍ።»

ናዒማ ባፈናን አየችው፤ እኔን አየችኝ፤ የሳቀችውን በሻሿ ጫፍ ሸፈነችው። ባዶ ወረቀት አቀረበችልኝ። «አምስቱን ቤተሰብ ጻፍ። በትልቁ። ሠላሳ አምስት ናቸው።»

ጻፍኩ። ሐ፣ ሑ፣ ሒ ብዬ ጀምሬ ሠላሳ አምስቱንም፣ ባፈና የእስክሪብቶዬን ጭረት እየሰማ፣ በገዛ እጄ ጻፍኩ። በሕይወቴ እንደዚያ የከበደኝ ጽሑፍ የለም። እሷ ረቡዕን ሙሉ በየቦታቸው ስትተክላቸው ዋለች።

ሐሙስ ሐኪሙ መጣ። ጥያቄውን በፈረንሳይኛ ያቀርባል፤ መልአኩ ይተረጉማል። እኔ እንዳልናገር ቃል ገብቻለሁ። ሐኪሙ ቴሌቪዥኑንና ያቺን ትንሽ ሣጥን አይቶ፣ ይህ የልጆች መጫወቻ አይደለም ወይ ብሎ ጠየቀ። ናዒማ ከጥጉ ሆና በጥሩ ፈረንሳይኛ፣ እስከ ባለፈው ሳምንት ነበረ አለችው።

ስሙን ጠየቀው። ጣቱ ወረደ፣ ሄደ፣ ተጫነ። ባፈና።

ሐኪሙ ስሙን ማንም ሊያስጠናው ይችላል አለ፤ ሲምቦን ከአልጋው ራቅ አደረጋት። ዛሬ ቀኑ ማን ነው? አለ። መልአኩ ተረጎመ።

ሁለት ምት ወደ ታች። ወደ ቀኝ ምንም። ጫን። ሐመሩ ሐ ስክሪኑ ላይ ብቻዋን ቆመች፤ ማክሰኞ ዕለት እዚያ ማሽን ውስጥ ያልነበረች ፊደል። ከዚያ ሙ። ከዚያ ስ። መልአኩ «ሐሙስ» ብሎ አነበበ፤ በፈረንሳይኛ መድገሙን ረስቶ ሐኪሙ አስታወሰው።

ሦስተኛውን ጥያቄ መልአኩ ራሱ ጠየቀ። «አባዬ፣ መኖር የምትፈልገው የት ነው? አዲስ አበባ ነው?»

የባፈና አንገት እንደ ልማዱ እሺ፣ እሺ ይላል። ጣቱ ግን ሥራ ጀምሯል። ክፍሉ ውስጥ ያለው ድምፅ ቀጭ፣ ቀጭ ብቻ ነበር። ዐሥራ አምስት ወደ ታች፣ አምስት ወደ ቀኝ፦ እ። ሃያ ወደ ታች፣ ሁለት ወደ ቀኝ፦ ዚ። ከዚያ መውረድ አቆመ፤ አንድ ጊዜ ብቻ ወደ ቀኝ አለ፣ ተጫነ።

እዚሁ።

መልአኩ ሁለት ጊዜ አነበበው፤ አንዴ ለሐኪሙ፣ አንዴ ለራሱ። ከዚያ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ የአባቱን ግራ እጅ ከነጆይስቲኩ ያዘ። «እሺ፣ አባዬ። እዚሁ» አለ።

ሐኪሙ፣ ሐቁን ለመናገር፣ ሰው ነበር። የያዘውን ቅጽ አጥፎ ኪሱ ከተተ፤ ይህ ሰው ሞግዚት አያስፈልገውም ብሎ ለዳኛው እንደሚጽፍ ነገረን። ከዚያ ወንበሩን ወደ ናዒማ አስጠግቶ ሌሎች ታማሚዎች እንዳሉት፣ በፈረንሳይ ፊደል መሥራት ይከብዳት እንደሆነ ጠየቃት።

«የእናንተ ሃያ ስድስት ብቻ ነው» አለችው። «ግን ሁሉንም ስጠኝ። የማይረባ የሚመስልህን አታውጣብኝ።» ይህን ስትል እኔን አላየችኝም፤ ማየትም አላስፈለጋትም።

ሁሉም ከሄዱ በኋላ ከባፈና ጋር ቀረን። ይህን ጽሑፍ በሠላሳ ሦስቱም ፊደል የጻፍኩት ለናዒማ ስል ነው፤ አቋሜ ግን አልተለወጠም፤ ይህንንም እዚያው አልጋው አጠገብ ነገርኩት። «ስማ፣ ባፈና» አልኩት፣ «ለአንተ ጣት ያስፈልጋሉ ማለት ለአማርኛ ያስፈልጋሉ ማለት አይደለም። አምስቱም ትርፍ ናቸው። ስሜንም አልቀይርም።»

ጣቱ ጀመረ። እኔም አብሬው ቆጠርኩ። ሃያ አለፈ። ሃያ አምስት። ሃያ ዘጠኝ ላይ ቆመ፤ ጸሎቱ ጸ፤ አንድ ቢጨምር ፀሐዩ ፀ ይሆን ነበር፤ አልጨመረም። ሦስት ወደ ቀኝ። ጫን። ከዚያ እንደገና ከሀ ተነሥቶ ረጅሙን መንገድ ሠላሳ አንድ ወረደ፣ አምስት ወደ ቀኝ ሄደ፣ ተጫነ።

ጻፍ።

ይላል። ጽሑፍህንም ጻፍ፣ የእኔንም መልስ ጻፍልኝ። እንደ ድሮው መልሱን ሊሰጠኝ ነው።